ጨጓራ ያልነው ልብ

የአባቴን ልብ ያየሁት እሱ ራሱ ከማየቱ በፊት ነው። አሰላ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ መጋረጃዋ የተዘጋ ጠባብ ክፍል ነበረች። አባቴ ሸሚዙን አውልቆ በግራ ጎኑ ተኝቷል፤ ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው። ዶክተሯ ቅባት የተቀባ ትንሽ መሣሪያ ደረቱ ላይ አድርጋ ስትጫነው ስክሪኑ ላይ ግራጫ ነገር ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ተከፈተ፣ ተዘጋ። መጀመሪያ ምን እንደማይ አልገባኝም። ከዚያ ቀጫጭን ክዳኖች ሲገለጡና ሲከደኑ ለየሁ። አንድ ቀን እንኳ ሳያርፍ ሲሠራ የኖረ ነገር ይህን ያህል ስስ ክዳን ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሥራዬ ሞባይል መጠገን ነው። መነኻሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ማጉያ መነጽር ላይ አጎንብሼ የማይሠራውን ቦታ እፈልጋለሁ። በዚህ ልማድ ሳይሆን አይቀርም ዓይኔ ወዲያው አንድ ቦታ ላይ ተተከለ። የልቡ ግድግዳ ዙሪያውን ወደ ውስጥ ሲኮማተር፣ ከታች በኩል ያለው አንዱ ክፍል አይኮማተርም። ሌሎቹ ይጎትቱታል እንጂ በራሱ አይንቀሳቀስም። ሰው መጠየቅ አልወድም፤ ዝም ብዬ በጣቴ አመለከትኩ። ዶክተሯ ዞር ብላ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች።

ኮሪደሩ ላይ እናቴን፣ እኔንና የአባቴን ታላቅ ወንድም ጠራችን። ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ፣ እየደጋገመች ነገረችን። ለልብ ጡንቻ ደም ከሚያደርሱት ቧንቧዎች አንዱ ተደፍኗል። ከዚያ ቧንቧ ይመገብ የነበረው ጡንቻ ሞቷል። በቦታው የቀረው ጠባሳ ነው፤ ጠባሳ ደግሞ አይኮማተርም። ጤነኛው ጡንቻ የሞተውን ሥራ ደርቦ እየሠራ ነው።

«ከባድ ሥራ ከእንግዲህ አይቻልም» አለች። «መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መውሰድ አለባቸው። ጨውና ቅቤ ይቀንሱ። ይህንን ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ማወቅ አለባቸው፤ ከፈለጋችሁ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ግድ የለም ልጄ፣ እኛው ቀስ ብለን እንነግረዋለን» አሉ አጎቴ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ በቤተሰባችን የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው።

«ቀስ ብለን እንነግረዋለን» ማለት አንነግረውም ማለት እንደሆነ ከዶክተሯ በቀር ሁላችንም እናውቃለን። በእኛ ቤት፣ በማውቃቸው በሌሎች ቤቶችም፣ ከባድ ሕመም የሚነገረው ለቤተሰብ እንጂ ለታማሚው አይደለም። ታማሚው ከሰማ ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ከሕመሙ ቀድሞ ይወስደዋል ይባላል። ጋሼ የሆስፒታሉ በር ላይ አቆሙን።

«ልብ የሚባል ቃል ከአፋችሁ እንዳይወጣ።»

«ሲጠይቀኝስ ምን ልበለው?» አለች እናቴ።

«ራሱ ያለውን በይዋ! ጨጓራ ነው ብሎ የለ? ጨጓራ ነው።»

እውነት ነው፣ ብሏል። አባቴ ስንዴ የሚያጭድ የኮምባይነር ኦፕሬተር ነው። የሚነዳው ኮምባይነር የእሱ አይደለም፤ ክረምቱን ግን የሚከርመው እኛ ግቢ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ልጅ ሆኜ የእኛ ይመስለኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ከሥሩ ተኝቶ የማሽን ቅባቱን፣ ግራሶውን፣ ሲሞላ ደረቱን ጨመደደው። ላብ በላብ ሆኖ ወጣና «ይህ ጨጓራ ሊገድለኝ ነው» አለ። እናቴ ተልባ በጠበጠችለት። ጠጣ፣ አልተሻለውም፤ ደገመችለት። ግራ እጁ ሲዝል ነው የጎረቤት ባጃጅ ጠርተን ወደ ሆስፒታል የሮጥነው።

ስለዚህ ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው «ጨጓራህ ነው አሉ፣ ትንሽ ቆስሏል» ሲሉት አባቴ በጣም ደስ አለው።

«አላልኳችሁም! ዶክተሮቹ ግን ይህን ለማወቅ ስንት ሽቦ ለጠፉብኝ!»

ወሬው በዘመድ ሁሉ ተዳረሰ፤ ጨጓራውን ታሟል። አርሲ ውስጥ አቅም ላነሰው ሰው የሚወሰድለት ጭኮ ነው። የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ ነው፤ ያለ ብዙ ቅቤ ደግሞ ጭኮ አይባልም። አክስቴ ከኦጎልቾ ይዛ መጣች። ከጎበሳ ሁለት ሰዎች እንዲህ ያለ ጭኮ አሰላ ውስጥ አይሠራም እያሉ ትልቅ ዕቃ ሙሉ አመጡ። ክዳኑ ሲከፈት ቅቤው ላዩ ላይ ያብረቀርቃል። እናቴ ተቀብላ ትመርቃቸዋለች፣ ከዚያ ዞር ብላ እኔን ታየኛለች። አልቀበልም ብትል ለምን ይባላል። ለጨጓራ ቅቤ ተከልክሎ አያውቅም። ልብ ነው ማለት ደግሞ አይቻልም።

«እስቲ ወዲህ በይው» ይላል አባቴ።

«ዶክተሯ ለጊዜው አጥሚት ብቻ ብላለች።»

«አጥሚት! እኔ አራስ ነኝ እንዴ?»

ጭኮውን እኔ በላሁት። ማታ ማታ፣ አባቴ እንዳያይ ጓዳ ውስጥ ቆሜ በላሁት። ሱሪዬ አልቆለፍ አለኝ። ደንበኞቼ «ሥራ ሞቅ ሞቅ ብሏል መሰለኝ» ይሉኝ ጀመር። እናቴ ቤተክርስቲያን ስትሄድ አባቴም ጓዳ ገብቶ እንደሚቀምስ የማንኪያው አቀማመጥ ይነግረኝ ነበር። ሰዎቹ ሁሉ ስለሚወዱት ቀስ በቀስ እየገደሉት ነበር፤ እኛም ስለምንወደው ዝም ብለን እናያለን።

እኔ ደግሞ ማንበብ ጀመርኩ። ትምህርት ያቋረጥኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ከጥገና መመሪያዎች ነው፤ «ባትሪውን ከማውጣትዎ በፊት ስልኩን ያጥፉ» የሚለውን አረፍተ ነገር ከየትኛውም የፍቅር ቃል ቀድሜ ነው ያወቅሁት። ስለ ልብ የሚያወራ ጽሑፍ ከፍቼ መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ አንዱን አንቀጽ ሳልረዳ ወደ ሌላው አላልፍም ነበር። መጀመሪያ ያገኘሁት የዶክተሯን ቃል የሚያረጋግጥ ነው። ቆዳ ሲቆረጥ አዲስ ቆዳ ይተካል። አጥንት ሲሰበር ይጋጠማል። የልብ ጡንቻ ግን አንዴ ከሞተ ራሱን አይተካም፤ ቢተካም ከቁጥር የማይገባ ነው። ይህን ያነበብኩ ዕለት ሱቁን ቶሎ ዘጋሁ።

ስቴም ሴል የሚለውን ቃል ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። በአማርኛ ግንደ ሕዋስ የሚሉት አሉ። ገና ምን እንደሚሆን ያልወሰነ ሕዋስ ነው። ሁላችንም በእናታችን ማኅፀን ስንጀምር ከእንዲህ ዓይነቱ ነው የጀመርነው፤ ከዚያ አንዱ ቆዳ፣ አንዱ ነርቭ፣ አንዱ የልብ ጡንቻ ይሆናል። እዚህ ድረስ ከትምህርት ቤት አስታውሳለሁ። የማላውቀው ቀጥሎ ያለውን ነበር። ተመራማሪዎች ከአዋቂ ሰው ደም ወይም ቆዳ ሕዋስ ወስደው ወደዚያ ወዳልወሰነበት ዘመኑ መመለስ ችለዋል። ከመለሱት በኋላ ደግሞ የሚያስፈልገውን እያጠጡ «አሁን ልብ ሁን» ይሉታል። ይሆናልም።

አረፍተ ነገሩን ደጋግሜ አነበብኩት። በትክክል የገባኝ አልመሰለኝም። ከጽሑፉ ሥር አጭር ቪዲዮ ነበር። ሱቁ ውስጥ ነኝ፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል። አንድ ሰውዬ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኩን ሰጥቶኝ እየጠበቀ ነው። ቪዲዮው ተከፈተ። ጠፍጣፋ የመስታወት ሳህን፣ ሮዝ ቀለም ያለው ውኃ፣ ውስጡ ከጥፍር የማይበልጥ ነጣ ያለ ነገር። ነገሩ ኮምተር አለ። ለቀቀ። እንደገና ኮምተር አለ።

«ይመታል!» ብዬ ጮህኩ።

«ምኑ?» አለ ሰውዬው።

«ይመታል እኮ! ራሱን ችሎ ይመታል!»

«የኔ ስልክ?»

ሰውዬው ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብሎ በጥርጣሬ አየኝ። ላስረዳው ሞከርኩ። እኔ፣ ዋጋ እንኳ በጣቴ የማሳይ ሰው፣ ስለ ሕዋስ፣ ስለ ደም፣ ስለ ሳህን ሳላቋርጥ አወራሁት። ጨርሶ ካዳመጠኝ በኋላ «እሺ፣ መስታወቱ ግን ለነገ ይደርሳል?» አለኝ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ከማን ደም ነው የሚሠሩት?»

«ከራሱ ከታማሚውም ይሠራል።»

«ከአባትህ ከራሱ ደም?»

«አዎ።»

ዱካ ስባ ተቀመጠች። «ታዲያ ለምን አሁን አይሠሩለትም?»

«እማዬ፣ ገና ሙከራ ላይ ነው። ሩቅ አገር፣ በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ነው። የሚሠራውንና የማይሠራውን እየለዩ ነው።»

«ካልደረሰ ታዲያ ምን አስፈነደቀህ?»

ሽንኩርቱን ተቀብዬ መክተፍ ጀመርኩ። በኋላ ሳስበው መልሱ ቀላል ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የሞተው የሞተ ነው ብዬ ነበር የማስበው። አሁን ግን በዚህ ዓለም ላይ፣ የሆነ ቦታ፣ ሰዎች ነጭ ጋውን ለብሰው ያንኑ ጡንቻ እንደ ችግኝ እያበቀሉ ነው። ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይታይ መደበቅ አቃተኝ። ይህን ነገር ከሰው ሁሉ በላይ የሚወደው ማን እንደሆነ ደግሞ አውቃለሁ፤ የማንኛውንም ነገር ሆድ ዕቃ ከፍቶ ማየት የሚወደው አባቴ ነው። ለእሱ ብቻ ነው የማልናገረው።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከአርቦዬ ተደወለ። አርቦዬ ቆላ ስለሚቀርባት ስንዴዋ ከደጋው ቀድሞ ይደርሳል፤ ኮምባይነሮች ከዚያ ጀምረው ወደ ላይ፣ ወደ ጎበሳ እያጨዱ ይወጣሉ። የደወሉት አባቴ በየዓመቱ የሚያጭድላቸው ገበሬ ናቸው። በኦሮምኛ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ፤ የከብቱ፣ የዝናቡ፣ የልጆቹ። ከዚያ አባቴ ቅዳሜ እደርሳለሁ ብሎ ዘጋ። ዘግቶ ሲቆም ወገቡ የተቃና ይመስል ነበር።

የኮምባይነር ኦፕሬተር በአጨዳ ወቅት ቤቱን አያይም። አቧራና ሙቀት ውስጥ ውሎ እዚያው ማሳ ላይ ያድራል። መቁረጫው ሲታነቅ ወርዶ በጉልበቱ ይጎትታል፣ መሰላሉን በቀን ስንቴ እንደሚወጣና እንደሚወርድ እሱም አያውቀው። ያ የማይንቀሳቀስ የልብ ግድግዳ በዓይኔ መጣ። እዚያ ማሳ መካከል አንድ ነገር ቢሆን «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ተልባ እንዲበጠብጡለት እንደሚጠይቅ አልተጠራጠርኩም።

ጋሼን ጠራናቸው። አባቴ ደጅ ሆኖ የኮምባይነሩን ጎማ ይነፋል፤ እኛ ሳሎን ውስጥ እናንሾካሽካለን።

«ጨጓራውን የታመመ ሰው ሥራ አትሂድ ቢባል ይጠረጥራል» አሉ ጋሼ። «አንድ መላ አለኝ። የኮምባይነሩን ባለቤት እናናግረውና፣ በአንተ ቦታ ሌላ ሰው ቀጥሬያለሁ ይበለው።»

«ሰውየውን ከሥራው ሊያባርሩት?» አለች እናቴ።

«ለጤናው ነዋ!»

«አይሆንም፣ ጋሼ» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ለጋሼ አይሆንም ብዬ አላውቅም፤ በእርግጥ ለማንም ብዬ አላውቅም።

«ምን አልክ?»

«ከሥራ ተባረርክ ከምንለው ልብህ ታሟል ብንለው ይሻላል። እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይመርጣሉ?»

ጋሼ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አንሥተው «አንድ ነገር ቢሆን በእናንተ ነው» ብለው ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት የጭላሎ ተራራ ራስ ገና በጉም ተሸፍኖ ነበር። አባቴ ከኮምባይነሩ ጎን ግራሶ በእጁ ይዞ ቆሟል። ስልኬን አወጣሁ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ላሳይህ።»

«እጄ ግራሶ ነው፤ አንተ ያዝልኝ።»

ፊቱ ላይ ያዝኩለት። ቪዲዮውን አስቀድሜ አውርጄው ስለነበር አልተንቀራፈፈም።

«ምንድን ነው? ዓሣ ነው?»

«አይደለም።»

«ሕይወት ግን አለው።»

«የልብ ጡንቻ ነው። የሰው ልብ።»

አንገቱን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ። «ከሬሳ አውጥተው?»

«በሕይወት ካለ ሰው ደም ነው የሠሩት።» ነገርኩት። እንዴት እንደሚወስዱት፣ እንዴት ወደ መጀመሪያው እንደሚመልሱት፣ እንዴት ልብ እንዲሆን እንደሚያደርጉት። አላቋረጠኝም። ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሣም።

«የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው? ሽቦ አላየሁበትም።»

«ምንም የለም። ራሱ ነው።»

«ባትሪም?»

«ባትሪም የለውም።»

«ድገመው።»

ደገምኩለት። ሦስተኛም አየው። «ምን ሊያደርጉበት ነው?»

«ልቡ የተጎዳ ሰው ላይ ሊለጥፉት። ስስ አድርገው ያሳድጉትና በቁስሉ ላይ ይሰፉታል።»

«ጎሚስታ የተበሳ የጎማ ካላማዳሪ እንደሚለጥፈው?»

«እንደዚያው።»

«ሞተሩ ሳይጠፋ!»

«ሳይጠፋ።»

አፏጨ። ዕድሜ ልኩን ሞተር ሲፈታ የኖረ ሰው ነው፤ እየዞረ ያለ ሞተር ላይ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግረውም። ችግሩንም ነገርኩት። አዲሱ ጡንቻ የራሱ ምት አለው፤ ከአሮጌው ጋር ካልተስማማ ልብ ይዘባረቃል፣ እሱን ለማስማማት እየታገሉ ነው። እየሰማኝ በመዳፉ የሆነ ነገር እንደሚያገጣጥም ያደርጋል። እንደዚያ ቀን አብረን አውርተን አናውቅም።

ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። «አንተ ግን ይህን ሁሉ ለምን አጠናኸው? ሞባይል ውስጥ ልብ የለ።»

ሌሊቱን ያዘጋጀሁት አንድ ሙሉ ንግግር ነበረኝ። ሁሉንም ተውኩት።

«ጨጓራ አይደለም፣ አባዬ» አልኩት።

ቡትቶ ጨርቁን አነሣና ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ። አንዱን ጣት ሲጨርስ ወደ ሌላው ይሄዳል። እኔ ፊቱን እየጠበቅሁ ነበር፤ ቢገረጣ፣ ቢያልበው፣ ቢወድቅ ብዬ። ጋሼ ያሉት ድንጋጤ አሁን ነው የሚመጣው ብዬ ከሥሩ እጄን ዘርግቼ ለመያዝ ተዘጋጅቼ ነበር።

«እናትህ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ወንድሜ?»

«እሳቸው ናቸው እንዳይነገርህ ያሉት።»

«ዘመዶቹስ?»

«እነሱ አያውቁም። ጨጓራ ነው የሚያውቁት።»

ጨርቁን አስቀመጠና «ጭኮውን የበላኸው ለዚህ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ልጄ ሆዳም ሆነ ብዬ!» ብሎ ሳቀ። ጮክ ብሎ ሳቀ። እናቴ በመስኮት ብቅ አለች፤ እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ሁሉንም ተረድታ መጋረጃውን ለቀቀችው። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑ እርጥብ ነበር።

«የቱ ጋ ነው የሞተው?»

በኮምባይነሩ ጎን አቧራ ላይ በጣቴ ልብ ሣልኩለት፤ ክፍሎቹን፣ ክዳኖቹን፣ የተደፈነውን ቧንቧ፣ ከታች የማይንቀሳቀሰውን ግድግዳ። ዝርዝሩን ከማንበቤ ብዛት ዓይኔን ጨፍኜም እሥለው ነበር። አጎንብሶ አየው።

«ላየው እፈልጋለሁ» አለ። «በዓይኔ ያላየሁትን ብልሽት አላምንም። ቅዳሜ ሳይደርስ።»

ዶክተሯ ስትሰማ ከእኛ ይልቅ እሷ እፎይ ያለች መሰለኝ። የክትትል ቀኑ ገና ቢሆንም ተራ ጠብቀን ገባን። እንደ በፊቱ በጎኑ አስተኛችው፤ አሁን ግን ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት። ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተከለ። በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

«እሱ ነው አይደል? ያ ዝም ያለው።»

«እሱ ነው።»

«ሌላው ግን አይቦዝንም።»

«በጣም ጎበዝ ነው» አለች ዶክተሯ። «መድኃኒቱም እየረዳው ነው። ከበፊቱ ትንሽ ይሻላል።»

ተነሥቶ ሸሚዙን እየቆለፈ «ዶክተር፣ ልጄ ልብ በሳህን ላይ ይበቅላል ይለኛል። እውነት ነው?» አላት።

ወደ እኔ ዞረች። ተናገርኩ። ስጨርስ ጆሮዬ ግሎ ነበር። ፈገግ ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ውጭ ሰው እየጠበቃት እንኳ ተቀመጠች። የማላውቀውንም ነገረችኝ። ቀደም ሲል ከአጥንት መቅኔ ሕዋሳት ወስደው ልብ ውስጥ በመርፌ ለመስጠት ሞክረዋል። አብዛኞቹ ሕዋሳት እዚያ አልቆዩም፤ የልብ ጡንቻም አልሆኑም። አንዳንድ ታማሚዎች ትንሽ ተሻላቸው፣ ሌሎች ምንም ለውጥ አላዩም። ያ ብዙ ሰው አሳዝኗል። አሁን በሳህን የሚበቅለውን ጡንቻ መለጠፍ ሰው ላይ መሞከር ጀምረዋል፤ መጀመሪያው ላይ ናቸው።

«እኔ በሥራ ላይ እያለሁ ወደ እኛም ይደርሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ» አለች፣ ድምፅዋ ውስጥ የእኔው ዓይነት ጉጉት ሰማሁበት። «ቀን ግን አልሰጣችሁም። እስከዚያ ስቴም ሴል ነው ብሎ ዱቄት ወይም እንክብል የሚሸጥላችሁ ቢመጣ፣ አትግዙ።»

«እስከዚያ እኔ ምን ላድርግ?» አለ አባቴ።

«ይህን ጤነኛውን ይጠብቁልኝ። አዲሱ ጡንቻ ቢመጣም የሚለጠፍበት ልብ ይፈልጋል።»

አባቴ ይህችን አባባል በደንብ ያዛት፤ ፊቱ ላይ አየሁት። «ኮምባይነሩስ?»

«ይቅርብዎት» አለች። «ሙቀቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ መሰላሉ፣ የታነቀውን መጎተቱ። ከዚህም ሩቅ ነው። ይቅርብዎት።»

ወደ ቤት በእግር ነው የተመለስነው፤ ቀስ ብሎ መራመድ ይጠቅማል ብላው ነበር። ዳገቱ ላይ ቆመ። የደከመው መስሎኝ ክንዱን ያዝኩት፤ እሱ ግን ስልኩን ሊያወጣ ነበር። ለአርቦዬው ገበሬ ደወለላቸው። ሰላምታው እንደተለመደው ረዘመ። ከዚያ «ኦኔ ኮ» ሲል ሰማሁት፤ ልቤ ማለቱ ነው። አላፊ አግዳሚ እየሰማ፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ፣ ልቡ መታመሙን፣ አንዱ ጎኑ መሞቱን፣ ሌላው ግን መሥራቱን ነገራቸው። ከወዲያ በኩል የሰውየው ድንጋጤና ምርቃት እስከ እኔ ይሰማ ነበር። አብሮት የሚሠራው ሌላው ኦፕሬተር ቅዳሜ ኮምባይነሩን ይዞ እንደሚደርስ ነገራቸው።

«አይ፣ እኔም እመጣለሁ» አላቸው በመጨረሻ። «ኮምባይነሩ ላይ ግን አልወጣም፤ ከመሬት ሆኜ ነው የማየው።»

ማታ ጋሼ መጡ። የልቡም የሳህኑም ወሬ እንዴት እንደደረሳቸው አላውቅም።

«ማነው የነገረው?» አሉ ገና በሩ ላይ።

«እኔ ነኝ የጠየቅሁት» አላቸው አባቴ። «ግባ፣ ጋሼ፣ ተቀመጥ። እየኝ፤ ደንግጬ ሞቻለሁ?»

ጋሼ ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ከማንም ቀድመው «እስቲ ያንን ሳህን አሳየኝ» አሉኝ።

ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ አብሬው አርቦዬ ወረድኩ። ስንዴው ደርቆ ይንሿሿል፤ ቀኑ ብሩህ ነው። ኦፕሬተሩ መሰላሉን ሲወጣ አባቴ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደና ቆመ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ያዛቸው። ሞተሩ ሲነሣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ኮምባይነሩ የመጀመሪያውን ዙር ሲጨርስ ጓደኞቹ የሆኑት ገበሬዎች አባቴን ከበቡት፤ ልቡን ለመጠየቅ ነው የመጡት፣ ጭኮ የያዘ ግን አልነበረም፣ በስልክ አስጠንቅቋቸዋል።

እሱ ስለ ሕመሙ ብዙም አላወራም። ስልኬን ከእጄ ተቀብሎ ቪዲዮውን አሳያቸው። በኦሮምኛ ያስረዳቸዋል፤ ከደም ይወሰዳል፣ ወደ ሕፃንነቱ ይመለሳል፣ ከዚያ ልብ ሁን ይባላል። እጆቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ከእኔ አሥር እጥፍ አሳምሮ ነገራቸው። ያሳነሰውም፣ የጨመረውም ነገር አልነበረም፤ ገና መሆኑን፣ አልሆን ያለውም መኖሩን ሁሉ ነገራቸው።

አንድ አዛውንት ስልኩን ዓይናቸው ሥር አድርገው ቆዩ። «አሁንም ይመታል? አሁን፣ እኛ እዚህ ቆመን?»

«ይመታል» አላቸው አባቴ።

«ላንተ መቼ ነው የሚለጥፉልህ?»

«እስኪመጣ እጠብቀዋለሁ» አለ። ከዚያ አንገቱን በድንገት ወደ ማሳው መለሰ። ጆሮው የሞተሩ ቀበቶ ሲንሸራተት የሚያወጣውን ፉጨት ያዘ። እጁን ከፍ አድርጎ ኦፕሬተሩን ጮኸበት፤ «አቁም! አቁመው! ቺንጋው ላልቷል፣ ሳይበጠስ ቶሎ ውረድና አጥብቀው!»